ከፍቺ ወይም ከመለያየት በኋላ የልጆችን አስተዳደግ የሚመለከት ስምምነት ስለማዘጋጀት

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአሶሳ ዞን በመንጌ ወረዳ፣ እንደ ብዙዎቹ የአገሪቱ ገጠር ወረዳዎች ሁሉ፣ የባልና ሚስት ጠብ አስቀድሞ የሚታየው በሽማግሌዎችና በሃይማኖት አባቶች ፊት ነው። እርቅ ሳይሆን ቀርቶ መለያየት ሲመጣም ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩና ማን እንደሚቀልባቸው በዚያው ጉባኤ በቃል ይነገራል። ችግሩ የሚገለጠው ዘግየት ብሎ ነው። አባት ቀለብ ሲያቋርጥ፣ እናት ልጆቹን ይዛ ወደ ሌላ ወረዳ ስትሄድ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ሌላ ትዳር ሲመሠርት፣ በቃል የተባለው ነገር ምን እንደነበረ የሚያስረዳ ጽሑፍ አይገኝም። ሽማግሌዎቹ ቢመሰክሩም ቃላቸው እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ በቀጥታ ሊፈጸም አይችልም።

ይህ ማብራሪያ ወላጆች ሲለያዩ የልጆቻቸውን አኗኗር፣ ቀለብ፣ ትምህርት፣ ጤናና ከሁለቱም ወላጆች ጋር የመገናኘት ጉዳይ የሚወስን ስምምነት እንዴት እንደሚያዘጋጁና እንዴት ሕጋዊ ኃይል እንዲያገኝ እንደሚያደርጉ ለማስረዳት የቀረበ ነው። ምሳሌዎቹ በመንጌና በአጎራባች ወረዳዎች ያለውን አኗኗር መሠረት ያደረጉ ሲሆኑ፣ የሕጉ መሠረታዊ መርሆዎች ግን በሌሎች ክልሎች ለሚኖሩ ተገልጋዮችም ያገለግላሉ።

የሕጉ መነሻ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ወንዶችና ሴቶች በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በፍቺ ጊዜም የልጆችን መብትና ጥቅም የሚያስከብሩ ሕጎች እንዲወጡ ያዛል። አንቀጽ 36 ደግሞ ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን ሰዎች የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ገልጾ፣ ሕፃናትን የሚመለከቱ እርምጃዎች በሚወሰዱበት ጊዜ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ያስገድዳል። በዚሁ አንቀጽ መሠረት ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት አላቸው። ኢትዮጵያ በ1984 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ከወላጆቹ ከአንዱ ወይም ከሁለቱ የተለየ ልጅ፣ ለጥቅሙ ተቃራኒ ካልሆነ በቀር፣ ከሁለቱም ጋር በቋሚነት የመገናኘት መብቱ እንዲጠበቅ ይጠይቃል።

የቤተሰብ ሕግ በክልሎች ሥልጣን ሥር የሚወድቅ በመሆኑ በመንጌ የሚኖሩ ወላጆች ጉዳይ የሚታየው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው። በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል። በዚህ ጽሑፍ የአንቀጽ ቁጥር የተጠቀሰው ከዚሁ የፌዴራል ሕግ ስለሆነ፣ ለወረዳ ፍርድ ቤት ማመልከቻ የሚያዘጋጅ ሰው በክልሉ ሕግ ውስጥ ያለውን ተመሳሳይ አንቀጽ መመልከት ይኖርበታል።

በሕዝቡ ዘንድ ሰፍነው የሚገኙ ሁለት አመለካከቶችን እዚህ ላይ ማረም ያስፈልጋል። አንደኛው «ልጅ የአባቱ ነው» የሚለው ነው። ይህ የዘር ሐረግን በአባት በኩል ከመቁጠር ልማድ የመነጨ እንጂ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት የለውም። ሁለተኛው «ሕፃን ምንጊዜም ለእናት ነው» የሚለው ሲሆን፣ ይህኛው ቀድሞ የሕግ ድጋፍ ነበረው፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጆች እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ድረስ ለእናታቸው እንዲሰጡ ይደነግግ ነበር። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ድንጋጌ አልያዘም። በአንቀጽ 113 መሠረት ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው የተጋቢዎቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ከእናቱ ጋር እንዲቆይ መወሰኑ የተለመደ ቢሆንም፣ ውሳኔው የሚመነጨው ከሕፃኑ ፍላጎት ነው።

የልጅ ጥቅም ከወላጅነት መብት በላይ ሊቆም እንደሚችል የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ አሳይቷል። ክርክሩ በወላጅ አባትና ልጁን ባሳደጉት አክስት መካከል የነበረ ሲሆን፣ ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በቀጥታ በመጥቀስ ለልጁ የሚበጀውን አስቀድሟል። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም የሚያስገድድ በመሆኑ በመንጌ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚሟገት ወላጅም ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል።

አሳዳሪነትና ሞግዚትነት

በሕጉ አሳዳሪ የሚባለው የልጁን አካል ደኅንነት፣ መኖሪያ፣ ጤናና ትምህርት የሚከታተል ሰው ነው፤ ሞግዚት የሚባለው ደግሞ የልጁን የንብረትና የገንዘብ ጥቅም በመወከል የሚሠራ ነው። በጋብቻ ዘመን ሁለቱንም ኃላፊነት እናትና አባት በጋራ ይይዙታል። ሲፋቱ ኃላፊነቱ ለማን እንደሚሆን ይስማማሉ፤ ካልተስማሙ ፍርድ ቤቱ ይወስናል። ልጁ ከአያት የወረሰው ማሳ ወይም በስሙ የተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ ካለው ስምምነቱ ሞግዚቱን ለይቶ መጥቀስ አለበት። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሲሆን፣ ዘንግቶ መፈረም በኋላ የመሬት ክርክር ሲነሣ ልጁን ተወካይ ያሳጣዋል።

መደበኛ ፍርድ ቤት ወይስ ሸሪዓ ፍርድ ቤት

በመንጌ ወረዳ አብዛኛው ነዋሪ የእስልምና እምነት ተከታይ በመሆኑ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ከግልና ከቤተሰብ ሕግ ጋር የተያያዙ ክርክሮች፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል። ቁልፉ ነገር የሁለቱም ፈቃድ ነው። ባል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቢፈልግና ሚስት ባትስማማ ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል። በሌላ በኩል በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አንዴ ፈቃዱን የሰጠ ተከራካሪ ሐሳቡን ለውጦ ጉዳዩን ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት መመለስ አዳጋች ይሆንበታል፤ መጥሪያ ደርሶት ሳይቀርብ የቀረ ሰውም እንደተስማማ ሊቆጠርበት ስለሚችል መጥሪያን ችላ ማለት አይገባም።

በእስልምና ሕግ ሐዳና በሚባለው የልጅ አጠባበቅ ሥርዓት ትንንሽ ልጆችን የመያዝ ቅድሚያ በመርሕ ደረጃ የእናት ነው፤ ቅድሚያው የሚያበቃበት ዕድሜ በመዝሀቦቹ ይለያያል። የልጁ ወጪ የሚወድቀው በአባት ላይ ነው። ስለሆነም «ሸሪዓው ልጁን ለአባት ይሰጣል» ተብሎ በደፈናው የሚነገረው ልማድንና ሃይማኖትን ያቀላቀለ አባባል ነው፤ ወላጆች ጉዳዩን ከሚያውቅ ቃዲ ጠይቀው ቢረዱት ይመረጣል።

ሽማግሌዎችስ? ሽማግሌዎች ወላጆችን በማቀራረብ የሚሰጡት አገልግሎት በሕጉም የታወቀ ነው። ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ግን የላቸውም። ስለ ልጆቹ ያስማሙት ነገር በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ሁለቱም ወላጆች ፈርመውበት ለፍርድ ቤት ከቀረበ ሥራቸው ፍሬ ያፈራል።

ስምምነቱ ምን መያዝ አለበት

ጥሩ ስምምነት የሚለካው በሚያምር ቃሉ አይደለም፤ ሲጣስ መጣሱ የሚታወቅ መሆኑ ነው መለኪያው። «አባት እንደ አቅሙ ይረዳል»፣ «ልጆቹን በተመቸው ጊዜ ያያል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች በፍቺ ውሎች ላይ ሲሰፍሩ ይታያል። ሁለቱም ቅን ሐሳብ ናቸው፤ ነገር ግን የአፈጻጸም ዳኛ ምን ያህል እንዲከፈል፣ መቼ እንዲታዩ ሊያዝ እንደሚችል አይናገሩም። እንዲህ ያለ ውል የያዘች እናት ቀለብ ሲቋረጥባት ስምምነቱን ይዛ ለአፈጻጸም መቅረብ አትችልም፤ መጠኑን ለማስወሰን እንደገና መክሰስ ይኖርባታል።

የመጀመሪያው ነጥብ መኖሪያ ነው። እያንዳንዱ ልጅ በስምና በትውልድ ቀን ተጠቅሶ በማን ዘንድ፣ በየትኛው ቀበሌ እንደሚኖር ይጻፋል። ወንዶቹን ለአባት፣ ሴቶቹን ለእናት አድርጎ ማካፈል በአንዳንድ ቦታ የተለመደ ቢሆንም፣ አብረው ያደጉ ወንድማማችና እኅትማማች ልጆችን መለየት ከፍቺው በላይ ሊጎዳቸው ስለሚችል በቂ ምክንያት ሳይኖር ባይደረግ ይመረጣል። ልጁ ሐሳቡን መግለጽ የሚችልበት ዕድሜ ላይ ከደረሰ መጠየቅ አለበት። መጠየቅ ማለት ግን ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ በሸንጎ ፊት ማቆም አይደለም። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ማን እንደሚያበላውና እንደሚያስጠናው በጨዋታ መልክ ለብቻው ማነጋገር ይበቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው መጠያየቅ ነው። ከልጁ ጋር የማይኖረው ወላጅ ልጁን የሚያገኝበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ የሚወስደውና የሚመልሰው ሰው በግልጽ መታወቅ አለበት። ለአብነት ያህል፦

«ልጆቹ በየወሩ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ወደ አባታቸው ሄደው እሑድ ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ላይ ወደ እናታቸው ይመለሳሉ። ወስዶ የሚመልሳቸው አባት ነው፤ አባት ካልቻለ አስቀድሞ ለእናት ነግሮ በአያታቸው በኩል ያስደርጋል።»

ይህ አሠራር ሁለቱ ወላጆች በአንድ ቀበሌ ወይም በቅርብ ቀበሌዎች ለሚኖሩበት ሁኔታ ይስማማል። አባት በመንጌ፣ እናት በአሶሳ ወይም በባምባሲ የሚኖሩ ከሆነ ግን በየሁለት ሳምንቱ መመላለስ ለልጁ ድካም፣ ለወላጆቹ ወጪ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው የትምህርት ዕረፍትን መሠረት ማድረግ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ መገናኘት፣ የዓመቱ አጋማሽ ዕረፍትና የክረምቱ ግማሽ ደግሞ ከሌላኛው ወላጅ ጋር ማሳለፍ። የክረምት ዝናብ መንገድ ሲያበላሽ ያልተፈጸመ ጉብኝት መቼ እንደሚካካስም ቢጻፍ «ሆን ብሎ ከለከለኝ» የሚለውን ክስ ያስቀራል። በስልክ የሚነጋገሩበት ቀንና ሰዓት ቢወሰንም አይከፋም።

በዓላት በስማቸው እንጂ በቀን መጻፍ የለባቸውም። ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውሉ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣሉ፤ ዘንድሮ በዕረፍት ጊዜ የዋለው በዓል ከጥቂት ዓመታት በኋላ በትምህርት ወቅት ይውላል። ስለዚህ አንዱን ዓመት ኢድ አል ፈጥር ከአባት፣ አረፋ ከእናት፣ በቀጣዩ ዓመት በተቃራኒው ማለት የተሻለ ነው። ወላጆቹ የተለያየ እምነት ያላቸው ከሆነ ልጁ ገናን፣ ፋሲካንና ኢድን የት እንደሚያሳልፍ አስቀድሞ መነጋገር በበዓል ዋዜማ ከሚነሣ ጠብ ይገላግላል።

ቀለብ

ከሁሉ የሚያከራክረው ነጥብ ይህ በመሆኑ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። የቀለብ መጠን የሚወሰነው በተቀባዩ ፍላጎትና በሰጪው አቅም ነው። ደመወዝተኛ ለሆነ ወላጅ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከደመወዙ ተቆርጦ እንዲከፈል መስማማትም ይቻላል። የመንጌ ወላጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገበሬ ነው፤ ወይም በባህላዊ ወርቅ ማውጣት የሚተዳደር ነው። የወርቅ ቆፋሪ ገቢ አንድ ሳምንት ይበዛል፣ ከዚያ ወራት ያለ ገቢ ሊያልፉ ይችላሉ። የገበሬውም ገንዘብ ምርት ሲሰበሰብ እንጂ በየወሩ አይገኝም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ በየወሩ እኩል የሆነ ትልቅ ገንዘብ መጻፍ በሦስተኛው ወር የሚፈርስ ስምምነት መጻፍ ማለት ነው።

መፍትሔው ቀለቡን ለሁለት መክፈል ነው። አንደኛው ክፍል በማንኛውም ወር የማይቋረጥ ዝቅተኛ የገንዘብ መጠን ነው። ሁለተኛው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ምርት ሲሰበሰብ የሚሰጥ እህል ወይም ገንዘብ ነው። ለአብነት፦

«አባት ለሁለቱ ልጆች በየወሩ ብር 2,000 (ሁለት ሺህ) ከወሩ 1ኛ እስከ 5ኛ ቀን ባለው ጊዜ በእናት የባንክ ሒሳብ ያስገባል። በተጨማሪም በየዓመቱ በጥር ወር ሁለት ኩንታል ማሽላ እናት በምትኖርበት ቤት ያደርሳል። የደብተር፣ የደንብ ልብስና የሕክምና ወጪ ደረሰኝ ሲቀርብ ሁለቱ ወላጆች እኩል ይከፍላሉ።»

እዚህ ላይ የተጠቀሱት መጠኖች ለማሳያ እንጂ ለመመዘኛ አይደሉም። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ቢሆን ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይሆናል፤ «ሰጥቻለሁ»፣ «አልተቀበልኩም» የሚለው ሙግት የሚበዛው በእጅ በሚሰጥ ገንዘብ ነው። በእጅ የሚሰጥ ከሆነ የተቀባዩ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያለበት አነስተኛ ደብተር መያዝ ይገባል። የዋጋ ንረት ሲኖር መጠኑ በስንት ጊዜ እንደሚከለስም፣ ለምሳሌ በየዓመቱ መስከረም፣ ይጻፍ።

ቀለብን መደራደሪያ ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው። «ልጆቹን ስጠኝ፣ ቀለብ አልጠይቅህም» ወይም «ቤቱን ተዪልኝ፣ ልጆቹን ውሰጃቸው» የሚሉ ውሎች ይደረጋሉ። ቀለብ የልጁ መብት እንጂ የእናት ወይም የአባት ጥቅም ስላልሆነ ወላጅ የራሱ ያልሆነውን ነገር ሊተው አይችልም። እንዲህ ያለው ውል ለፍርድ ቤት ቢቀርብ የልጁን ጥቅም በበቂ አላስጠበቀም ተብሎ ሊታረም ይችላል። ከዚህም ሌላ ቀለብና መጠያየቅ አንዱ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ አይደሉም። አባት ቀለብ ባይከፍል እናት ልጁን ከማገናኘት ልትከለክል አይገባም፤ እናት ልጁን ባታገናኘው አባት ቀለብ ሊያቆም አይችልም። ሁለቱም መፍትሔ የሚፈልጉት በፍርድ ቤት ነው።

ሊረሱ የማይገባቸው ሌሎች ነጥቦች

ከወረዳው ውጭ የመኖሪያ ለውጥ ለማድረግ ያሰበ ወላጅ ስንት ቀን አስቀድሞ ለሌላው ማስታወቅ እንዳለበት ይጻፍ። አካባቢው ለኩርሙክና ለሱዳን ድንበር ቅርብ በመሆኑና በድንበሩ በሁለቱም ወገን ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦች በመኖራቸው፣ ልጁን ከአገር ለማውጣት የሁለቱም ወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆኑን የሚገልጽ አንቀጽ ማካተት ተገቢ ነው። ድንበር የተሻገረን ልጅ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ልጁ በድንገት ሲታመም ሕክምና ለማግኘት የሌላውን ወላጅ ፈቃድ መጠበቅ እንደማያስፈልግ፣ ነገር ግን ወዲያው ማሳወቅ እንደሚገባ ይገለጽ። ከወላጆቹ አንዱ ሌላ ትዳር ቢመሠርት ልጁ በአዲሱ ቤት ያለው አያያዝ፣ በተለይ ከትምህርት ቀርቶ ታናናሾችን እንዲጠብቅ ወይም ወደ ወርቅ ቁፋሮ እንዳይላክ የሚከለክል ሐረግ ማስገባትም ይቻላል። ልጅቱ 18 ዓመት ሳይሞላት ለጋብቻ መስጠት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ የወላጆች ስምምነት ሊፈቅደው የሚችል ጉዳይ አይደለም።

ስምምነቱን ለፍርድ ቤት ስለማቅረብ

በስምምነት የሚፋቱ ባልና ሚስት የፍቺ ስምምነታቸውን የፍቺውን ውጤት ከሚወስነው ስምምነት ጋር አያይዘው ለወረዳው ፍርድ ቤት ያቀርባሉ። ከማመልከቻው ጋር የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀትና የአመልካቾቹ መታወቂያ ይያያዛል። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ቢመዘገብ ሥራውን ያቃልላል። ዳኛው ባልና ሚስቱን በአንድነትም በተናጠልም ያነጋግራል፤ ፍቺውን እንዲተዉ ይመክራል፤ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣል። በተናጠል መነጋገሩ ትርጉም አለው፤ በቤተሰብ ግፊት የፈረመች ሚስት ወይም የፈረመ ባል እውነቱን የሚናገርበት ዕድል ይህ ነው።

ፍርድ ቤቱ የፍቺ ስምምነቱን ተቀብሎ የልጆቹን ጉዳይ ግን አለመቀበል ይችላል። በአንቀጽ 80 መሠረት የወላጆቹ ስምምነት የልጆቹን ደኅንነትና ጥቅም በበቂ የማያስጠብቅ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን በራሱ ውሳኔ ያሟላል። ልጅን የሚመለከት ስምምነት ከሌሎች ውሎች የሚለየው በዚህ ነው። የከብት ሽያጭ ውል ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ይበቃዋል፤ የልጅ ስምምነት ግን በድርድሩ ላይ ያልተገኘ ሦስተኛ ወገን ስላለበት የእርሱን ጥቅም ዳኛው ይመለከትለታል። ሲጸድቅ እንደ ፍርድ ይቆጠራል።

ወላጆቹ ያልተስማሙ ከሆነ የፍቺ አቤቱታ በአንደኛው ወገን ይቀርባል። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጆቹ ያለ ቀለብ እንዳይቆዩ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሊሰጥ ስለሚችል አመልካቹ ይህን በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ መጠየቅ ይኖርበታል። ሳይፋቱ ተለያይተው የሚኖሩ ባልና ሚስትም ተመሳሳይ ስምምነት ማድረግ ይችላሉ። ጋብቻ ያልነበራቸው ወላጆች ከሆኑ አባትነቱ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ አባት ልጁን ከተቀበለ ወይም አባትነቱ በፍርድ ከተረጋገጠ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በእነርሱም ላይ ይሠራል።

ስምምነቱ ሲጣስ ወይም ሁኔታው ሲለወጥ

ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ሲጣስ አዲስ ክስ አያስፈልግም፤ በዚያው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል። ፍርድ ቤቱ የግዴታ ተቀባዩን ደመወዝ ወይም ንብረት በማስከበር ቀለቡን ሊያስከፍል ይችላል። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የሚከለክል ሰው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 መሠረት በወንጀልም ይጠየቃል። ውዝፍ ቀለብ እያደር ለመጠየቅ አዳጋች ስለሚሆን የተቋረጠበት ወላጅ ወራት እስኪከማቹ ሳይጠብቅ ማመልከት አለበት።

የልጅ ጉዳይ ውሳኔ ለዘለቄታው የታሰረ አይደለም። አሳዳሪው ወላጅ በጠና ቢታመም፣ የከፋዩ ገቢ ቢጨምር ወይም ቢጠፋ፣ ልጁ አድጎ ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ አሶሳ መሄድ ቢያስፈልገው፣ ማንኛውም ወላጅ ውሳኔው እንዲሻሻል ማመልከት ይችላል። በቃል ተስማምቶ መለወጥ ግን አደገኛ ነው፤ ከተጣሉ በኋላ የሚጸናው በመዝገቡ ያለው ነው።

ጥቃት በነበረበት ቤት

በትዳሩ ውስጥ ድብደባ፣ ዛቻ ወይም በልጆች ላይ የተፈጸመ ጥቃት ካለ ጉዳዩን በሽማግሌ ፊት በስምምነት ለመጨረስ መሞከር አይመከርም፤ የፈራ ሰው ፈቃዱን በነፃነት አይሰጥም። ተጎጂው ወገን ለፖሊስ አመልክቶ ፍርድ ቤቱ ልጆቹን የመጠየቅ ሁኔታ በሦስተኛ ሰው ክትትል ሥር እንዲሆን ወይም ለጊዜው እንዲቆም ሊጠይቅ ይችላል። አድራሻውን በስምምነቱ ላይ የማስፈር ግዴታ እንዳይጣልበትም ለዳኛው ማስረዳት ይገባዋል።

ድጋፍ የሚገኝባቸው ቦታዎች

ተገልጋዮች በቅድሚያ ወደ ወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቀርበው የባለሙያ ምክር ማግኘት ይችላሉ። የዳኝነት መክፈል የማይችል አመልካች አቅም እንደሌለው የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከቀበሌው ይዞ በደሀ ደንብ ክስ ለመመሥረት እንዲፈቀድለት ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የሕግ ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አቅም ለሌላቸው ነፃ አገልግሎት ይሰጣሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ በርታኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ብቻ የሚናገር ተከራካሪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ማሳወቅ አለበት፤ ይዘቱ በሚገባው ቋንቋ ሳይነበብለት በስምምነቱ ላይ መፈረም የለበትም።

ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ውሳኔው በ30 ቀናት ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። ከጸደቀው ስምምነት በፍርድ ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ ለእያንዳንዱ ወላጅ ይሰጣል። አንድ ተጨማሪ ግልባጭ ልጁ ለሚማርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ማስረከብ ደግሞ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት የመውሰድ ፈቃድ ያለው ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ያደርጋል።